ሐዘንም ለሰው ይተርፋል

ልጅ ሲሞት ይለቀሳል። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የ19 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ያጡ ባልና ሚስት መልሱን ካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች ውስጥ ባሕር ላይ አገኙት።

በከተማው የባሕር ድልድይ ጫፍ ላይ “ራውንድሀውስ” የምትባል፣ የባሕር እንስሳት የሚታዩባት ትንሽ ቤት አለች። አርጅታ ነበር። በልጁ ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽን ገንዘብ አሰባሰበ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ተባበረ። በ2018 ታድሳ ተከፈተች። መግቢያ በነጻ ነው። ሕፃናት የባሕር እንስሳቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይማራሉ።

እናንተስ ወዳጃችሁን አጥታችኋል? እስቲ ከሙት ዓመቱ ድግስ ቀንሱና ለሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ግዙ። ግን ብቻችሁን አይሆንም፤ ቀበሌውን አናግሩ። ጠባቂ የሌለው ስጦታ አቧራ ይውጠዋል። ጠባቂ ካገኘ ግን የወዳጃችሁ ስም በየቀኑ ይነሳል።