ብርሃን የሚመገበው ዛጎል የት ይቀመጥ?

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወላጆች በአንዳንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ የጨው ውኃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ ይጠብቃቸዋል። በውስጡ ከዓሣውና ከኮራሉ ጋር፣ ሁለት ክዳኑን ከፍቶ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሥጋውን የዘረጋ ዛጎል ይኖር ይሆናል። ስሙ ክላም ነው። የዚህ ዛጎል ዘመዶች በቅርባችን ባለው በቀይ ባሕርም ይኖራሉ። ወላጅ ሥራ ሲውል ገንዳውን ከልጅ ልጅ ጋር የሚጠብቁት አያት ስለሆኑ ጥቂት ማወቁ ይበጃል።

ክላም እንደ ዓሣ ምግብ እየዞረ አይለቅምም። ባለቀለሙ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ። እነሱ እንደ ተክል ቅጠል በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ለዛጎሉም ያካፍሉታል። ስለዚህ ሥጋው ዘወትር ወደ ላይ፣ ወደ መብራቱ መዞር አለበት። በፊቱ የተደፋ ክላም ይራባል።

ቦታው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ማክሲማና ክሮሲያ የሚባሉት ብርቱ ብርሃን ስለሚወዱ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ፣ ስንጥቅ ውስጥ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ስኳሞሳና ደራሳ ደግሞ ከታች አሸዋው ላይ ይስማማቸዋል፤ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረግ ይይዙታል። አዲስ የመጣውን ግን ማንኛውም ዓይነት ቢሆን መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ድንገተኛ ብርቱ ብርሃን ይጎዳዋል። ፓምፑ ውኃ በቀጥታ የሚረጭበት ቦታና የሚናደፍ ኮራል አጠገብም አይሆንም።

ክላም ከሥሩ በሚያወጣቸው ቀጫጭን ክሮች ድንጋዩን ጨብጦ ይይዛል። ልጆች ሊያነሱት ሲጎትቱ ክሩ የሚወጣበት ሥጋ ይቀደድና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከያዘ በኋላ አይነቀል፤ ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ከነድንጋዩ ይነሣ።

በነርስነት ሥራ መናገር የማይችል ሕፃን ሕመሙን በሁኔታው ይነግረናል። ክላምም እንዲሁ ነው። ጤነኛው ሥጋውን ከክዳኑ ጠርዝ አልፎ ይዘረጋል፤ የእጅ ጥላ ሲያልፍበትም ወዲያው ይሰበሰባል። ሥጋው ወደ ውስጥ ከተሸበሸበ፣ ውኃ የሚያስገባበት ቀዳዳ ከልክ በላይ ከተከፈተ ወይም ሲነካ ካልተዘጋ፣ ለገንዳው ባለቤት በዚያው ቀን ይነገር። የሞተ ክላም ሲበሰብስ ውኃውን በክሎ ዓሣዎቹን ሊያስከትል ይችላል።

ለእኛም ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የማሞቂያውና የፓምፑ ሶኬት ይነቀል። በገንዳ ውኃ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በትንሽ ቁስል ገብተው ለወራት የማይድን የቆዳ እብጠት ያመጣሉ። በተለይ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ እጁ ላይ ጭረት ካለ፣ ጓንት ያድርግ፤ ሲጨርስም በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ በኋላ የማይድን እብጠት የወጣበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የዓሣ ገንዳ መንካቱን ይናገር፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ከልጅ ልጅዎ ጋር ጠዋትና ማታ ፈዘዝ ብላችሁ ተመልከቱት፤ እጅ ግን አታብዙበት። ልጁ ሳይነካ መጠበቅን፣ ዝም ያለውንም ማስተዋልን ከአያቱ ይማራል።