ሆድና ጀርባ የሆኑት የአሜሪካ መራጮች

እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1950 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር አንድ ሪፖርት አወጣ። የምሁራኑ ቅሬታ ዛሬ ለሚሰማው ቀልድ ይመስላል፤ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ስለሚቀራረቡ መራጩ አንዱን ከሌላው መለየት ተቸግሯል የሚል ነበር። እውነትም በዚያ ዘመን የደቡብ ወግ አጥባቂ ዴሞክራት፣ የኒውዮርክ ለዘብተኛ ደግሞ ሪፐብሊካን ሆኖ ቢገኝ ማንም አይደነቅም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሲጸድቅም በመቶኛ ሲታይ ከዴሞክራቶቹ ይልቅ በብዛት የደገፉት የሪፐብሊካን እንደራሴዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ጎራውን እየለየ ሄደ። የደቡብ ነጮች ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን ዞሩ፤ ከተሜው፣ ጥቁር አሜሪካዊውና ውሎ አድሮም የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ዴሞክራቶች ዘንድ ተሰባሰቡ። ሃይማኖት፣ ዘር፣ ሰፈርና ፓርቲ አንድ ላይ ሲታሰሩ የምርጫ ሽንፈት የአንድ ፖሊሲ መውደቅ መሆኑ ቀረና የወገን ውርደት ሆነ። እስሩ አልፎ አልፎ ይላላል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ፣ የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ የያዘው አቋም ያስቆጣቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ሲቀሰቅሱ ታይተዋል። አብዛኛው መራጭ ግን እንዲህ በቀላሉ ከጎራው አይወጣም።

ልዩነቱ ቤት ድረስ ዘልቋል። በ1960 አሜሪካውያን ልጃችሁ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር ይላችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አዎ ያሉት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2010 ተቀራራቢ ጥያቄ ሲቀርብ ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ሲሶው ቅር እንደሚላቸው ተናገሩ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እዚያ የፓርቲ መዝገብ መገለጥ ጀምሯል።

የሚጠሉትን ሰው በቅጡ ያውቁታል ማለት ግን አይደለም። ዳግላስ አህለርና ጋውራቭ ሱድ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠያቂዎች ከሪፐብሊካኖች መካከል በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኙት ከመቶ 38 ይሆናሉ ብለው ገምተዋል። እውነቱ ከመቶ 2 ገደማ ነበር። ሰዉ የሚፈራው ጎረቤቱን ሳይሆን በጭንቅላቱ የሳለውን ጎረቤት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በዲሴምበር 2016 ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው ሳውዝ ሌባነን 10 የትራምፕና 11 የክሊንተን ደጋፊዎች ቅዳሜና እሁድን አብረው የዋሉት ይህን ሥዕል ለመፈተን ነበር። ዛሬ ብሬቨር ኤንጀልስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ ስብሰባ ወጣ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል ዶኸርቲ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ የቤተሰብ አማካሪ ስለሆነ፣ የውይይቱ ሥርዓትም የሽምግልና ጠረን አለው። ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ይቀመጡና ‹‹እነሱ እኛን ምን ይሉናል?›› የሚለውን ይዘረዝራሉ። ቀዮቹ (ሪፐብሊካኖቹ) ዘረኛ፣ ስደተኛ ጠል እንደሚባሉ፣ ሰማያዊዎቹ (ዴሞክራቶቹ) አገር የማይወዱ፣ ሁሉን ነገር ከመንግሥት የሚጠብቁ እንደሚባሉ ይጽፋሉ። ቀጥሎ እውነቱ ምን እንደሆነ ያስረዳሉ። ከባዱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ከሐሜቱ ውስጥ እውነት ያለበት የቱ ነው? መልሱን በተቀናቃኝ ፊት ማንበብ ግድ ነው፤ መቀራረቡም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ይሁንና መዋደድና መተማመን ለየቅል ናቸው። በ2024 ‹‹ሳይንስ›› መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ32 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የተሳተፉበት ጥናት 25 የማቀራረቢያ ዘዴዎችን ፈትኖ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥላቻን ቀንሰዋል። ኢዴሞክራሲያዊ ድርጊትን ወይም የፖለቲካ ዓመፅን መደገፍን የቀነሱት ግን ጥቂት ናቸው።

የምርጫ ቆጠራ ነገር ከመጣ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች የሚፈሩት የተለያየ ነው። ሪፐብሊካኑ የሚሰጋው መምረጥ የማይገባው ሰው ድምፅ ኮሮጆ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ዴሞክራቱ መምረጥ የሚገባው ሰው ከበሩ እንዳይመለስ። በ2020 የጆርጂያ ግዛት አምስት ሚሊዮን የሚጠጋውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ በማሽን፣ ከዚያ በእጅ፣ እንደገና በማሽን። ሦስቱም ጊዜ ባይደን አሸነፈ፤ የጸደቀው ልዩነት 11,779 ነበር። ምርጫውን የመሩት ብራድ ራፈንስፐርገር ራሳቸው ሪፐብሊካን ቢሆኑም ትራምፕ ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲያገኙላቸው ከመጠየቅ አልተመለሱም።

በዚያ ዓመት ምርጫው በአገር ደረጃ በደንብ ተካሂዷል ያሉ የትራምፕ መራጮች፣ በፒው የጥናት ማዕከል መሠረት፣ ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። በ2024 ትራምፕ ሲያሸንፉ ቁጥሩ ወደ 93 ተተኮሰ። በዴሞክራቶች በኩል በ2020 ከባይደን መራጮች 94 የነበረው፣ በ2024 ከሐሪስ መራጮች 84 ሆነ። ተሸናፊ ሁሉ ይጠራጠራል፤ የጥርጣሬው ልክ ግን በአመዛኙ መሪው ከሽንፈት በኋላ በሚናገረው ይወሰናል። ሐሪስ በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለዋል።

አሁን ክርክሩ ወደ ወረቀት ዞሯል። የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 2025 ያሳለፈው ረቂቅ ለምርጫ የሚመዘገብ ሰው የዜግነት ሰነድ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለደጋፊዎቹ ይህ የውጭ ዜጋ እንዳይመርጥ የሚዘጋ በር ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ደግሞ የባሏን ስም የወሰደችውን ባለትዳር ሴት ነው፤ እንደ ኢትዮጵያዊቷ በአባቷ ስም አትቀጥልምና በልደት ሰርተፍኬቷ ላይ ያለው ስምና መታወቂያዋ ላይ ያለው አይገጥምም።