የሥነ ልቦና ተማሪ ምን ይማራል? ለመጋቢዎችና ለሥነ መለኮት ተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ወጣት ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አቀባበል አንዱ ይገጥመዋል። አንዳንዶቻችን በጥርጣሬ እናየዋለን፤ የተማረው ነገር እምነቱን ይሸረሽርበታል ብለን እንሰጋለን። ሌሎቻችን ደግሞ በተመረቀ ማግስት የምክር አገልግሎቱን እናስረክበውና ትዳራቸው የታመሰባቸውን፣ እንቅልፍ ያጡትንና ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰሙትን ሁሉ ወደ እርሱ እንልካለን። ሁለቱም አቀባበል የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው፤ ተማሪው በእነዚያ ዓመታት ምን እንደ ተማረ ካለማወቃችን። የመጀመሪያው ስሕተት አንድን አገልጋይ ያሳጣናል። ሁለተኛው ግን የታመመ ምእመን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ነገሩን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ በዋናነት የሚያስተምረው ስለ ሰው በጥንቃቄ መጠየቅን ነው። የሕክምና ሥልጠና አይደለም። ዝርዝሩን አብረን እንመልከት።

በሥርዓት መጠየቅ

ሥነ ልቦና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ ያጠናል። ስለ ነፍስ መጻፍ ግን በዚህ የትምህርት መስክ አልተጀመረም። አውግስጢኖስ “ኑዛዜ” በተሰኘው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ስለ ማስታወስ በስፋት ጽፎአል። ሥነ ልቦና ራሱን እንደ ቻለ ሳይንስ መቆጠር የጀመረው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን አገር በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ነው። ተማሪው ይህን ታሪክ ከተማረ በኋላ ብዙዎች ወዳልጠበቁት ትምህርት ይገባል፤ ወደ ስታቲስቲክስና ወደ ምርምር ዘዴ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዘወትር ወደ አምልኮ የሚመጡ ሰዎች ከማይመጡት ይልቅ በድብርት የሚያዙት በጥቂቱ ሆኖ ተገኘ እንበል። ድብርቱን የቀነሰው መምጣታቸው ነውን? ወይስ ድብርት የያዘው ሰው ከቤቱ መውጣት አቅቶት ቀርቶ ነው? ወይስ ሦስተኛ ምክንያት አለ? ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት እንደማይቻል ተማሪው ደጋግሞ ይማራል። እኛም ከመድረክ የምንሰማውን ሁሉ በዚህ ወንፊት ብናበጥረው እንጠቀማለን።

ተማሪው የራሱን መስክ ድካምም ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች በሥነ ልቦና መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶችን እንደ ገና ሠርተው ውጤቱን ሲያሳውቁ፣ የቀደመው ግኝት በበቂ ሁኔታ የተደገመው ከሲሶ ጥቂት በሚበልጡት ብቻ ነበር። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ምርምር የተደረገው በምዕራባውያን፣ ይልቁንም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ስለዚህ በደንብ የተማረ ምሩቅ “ሳይንስ እንዲህ ይላል” ለማለት አይቸኩልም።

አንጎል፣ ትዝታና ዕድገት

ከዚያ ቀጥሎ ተማሪው ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሥርዓት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ መማርና ስለ ማስታወስ ይማራል። አካል ነፍስን እንደሚነካ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። ሞቱን ለለመነው ለኤልያስ በመጀመሪያ የተሰጠው እንቅልፍና ምግብ ነበር (1ኛ ነገሥት 19)።

ስለ ማስታወስ ከሚጠኑት ሥራዎች አንዱ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ነው። ሰዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም ካዩ በኋላ ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ተጠየቁ። በጥያቄው ውስጥ መኪኖቹ “ተላተሙ” የሚል ኃይለኛ ቃል ሲገባ፣ ረጋ ያለ ቃል ከሰሙት ይልቅ ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። በሌላ ሙከራም ኃይለኛውን ቃል ከሰሙት መካከል ሲሶ ያህሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ፣ በፊልሙ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አይተናል አሉ። ባልና ሚስትን ስታስታርቁ ወይም ልጅን ስለ ደረሰበት በደል ስትጠይቁ ይህን አስቡ። የአጠያየቃችሁ መንገድ የሚታወሰውን ነገር ሊለውጥ ይችላል።

የዕድገት ሥነ ልቦና ሰውን ከፅንስ እስከ እርጅና ይከተላል። ፒያዤ ስለ ልጆች አስተሳሰብ፣ ኤሪክሰን ስለ ዕድሜ ልክ ዕድገት ያቀረቡት ሐሳብ በዚህ ይጠናል። በሕፃንና በእናት መካከል ስላለው ትስስር የምትታወቀው ሜሪ ኤንስወርዝ ቀደምት ምልከታዋን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኡጋንዳ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ከዚህ ክፍል ብዙ ሊቀስሙ ይችላሉ።

በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ትምህርት ሁኔታዎች ጠባያችንን እንዴት እንደሚገፉት ያሳያል። እኛን በቀጥታ የሚነካው ጥናት ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። የተሳተፉት 40 የፕሪንስተን የሥነ መለኮት ሴሚናሪ ተማሪዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ ከፊሎቹ ስለ ሌላ ጉዳይ አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተላኩ። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ያስልና ያቃስት ነበር። ጊዜ ከነበራቸው መካከል 63 በመቶ፣ እጅግ ከተጣደፉት መካከል ግን 10 በመቶ ብቻ ረዱት። የሚናገሩበት ርእስ ደጉ ሳምራዊ መሆኑ ጉልህ ልዩነት አላመጣም።

ጥሩ ተማሪ “ናሙናው ትንሽ ነው” ብሎ ወዲያው ያሳስባችኋል፤ ትክክልም ነው። ቢሆንም ጥያቄው ይቀራል። ሉቃስ 10ን ከመድረክ ለመስበክ ስንጣደፍ ማንን አልፈን እንሄዳለን? የአገልግሎት መርሐ ግብራችን ለመቆም ጊዜ ይተውልናልን?

ሕመምንና ገደብን ማወቅ

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለ ሥነ ልቦና መታወክ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው የድብርትን፣ ከልክ ያለፈ ጭንቀትን፣ የስኪዞፍሬንያንና የባይፖላርን ምልክቶች ያጠናል። የሥነ ልቦና መለኪያዎች ምን ያህል እንደሚታመኑ መመዘንን ይማራል። የምክር አገልግሎት መግቢያ፣ ማለትም ማድመጥና ምሥጢር መጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርም ከትምህርቱ ይካተታሉ። ብዙ ጊዜ በመመረቂያ ጽሑፍ ይጠናቀቃል።

ይህ ሁሉ ግን በሽታን ለይቶ የመሰየምና የማከም ሥልጣን አይሰጥም። ለዚያ ተጨማሪ ትምህርትና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚደረግ ልምምድ ያስፈልጋል። ሳይካትሪስት የሚባለው ደግሞ በመጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ ቀጥሎ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ወጣት በዚህ ሐኪም ቦታ ማስቀመጥ ወጣቱንም ታማሚውንም መበደል ነው።

እምነቱስ?

ተማሪው ሃይማኖትን እንደ ቅዠት የቆጠረውን ፍሮይድን ያገኘዋል። የሃይማኖትን ልምምድ በአክብሮት ያጠናውን ዊሊያም ጄምስንም ሊያገኝ ይችላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አጠቃላይ ሥነ ልቦና ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ስለሚሰጥ፣ በሌላ መስክ ያሉ ልጆቻችሁም ከትምህርቱ ጥቂት ቀምሰዋል።

ዋናው ፈተና ግን ከአንድ ሰው ስም የሰፋ ነው። ሰው የአንጎሉና የአስተዳደጉ ውጤት ብቻ ነውን? ሥነ ልቦና ሰው እንዴት እንደሚያስብና እንደሚሠራ ይገልጻል፤ ሰው ለምን እንደ ተፈጠረ ግን በመሣሪያዎቹ ሊለካ አይችልም። የእግዚአብሔር መልክ፣ ኃጢአትና ጸጋ የሚሉት ትምህርቶች እዚህ ላይ ቦታቸው ሊጠበቅ ይገባል። በአጠቃላይ መገለጥ የምናምን ሰዎች በጥንቃቄ የተገኘን እውነት አንፈራም፤ ከተሰጠው ስፍራ በላይም አናስቀምጠውም። ለተማሪው የሚጠቅመው ጥያቄዎቹን ሳይቈጣ የሚሰማው መጋቢ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምሩቁን በሚችለው አሠማሩት። የጸሎት አገልጋዮችን ማድመጥ ያስተምር፤ ወላጆችን ስለ ልጆች ዕድገት ያስረዳ፤ በአቅራቢያችሁ ያሉ የአእምሮ ሕክምና ተቋማትን ዝርዝር ያዘጋጅ። በሽታ እንዲሰይም፣ መድኃኒት እንዲያስቆም ወይም ከባድ ሕመምን ብቻውን እንዲሸከም ግን አትጠይቁት። እናንተም የሐኪምን መድኃኒት አታስቁሙ።

“ልሙት” የሚል፣ ራሱን እንዲጎዳ የሚያዝዘው ድምፅ የሚሰማ ወይም መብላትና መተኛት ያቆመ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይተክልም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው። እየጸለያችሁ ሂዱ፤ በወረፋው ላይ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ሲመለስም በጉባኤው መካከል ስፍራው እንደ ተጠበቀለት ይወቅ።