የደም መርጋትን የሚገታው ፕሮቲን፦ ከሰውነት ወደ ላቦራቶሪ

ጣት ሲቆረጥ ደሙ መርጋቱ ያድናል። መርጋቱ ከቁስሉ አልፎ ከተስፋፋ ግን ጤነኛውን የደም ሥር ይዘጋል፤ ወደ ሳንባ ሄዶ ከተሰነቀረም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሰውነታችን መርጋትን በልኩ የሚያስቆሙ ፕሮቲኖች አሉት። ከእነዚህ አንዱ በጉበት የሚመረተው ፕሮቲን ሲ ነው።

አሠራሩ የሚያስገርም ነው። ደምን የሚያረጋው ዋናው ኢንዛይም ትሮምቢን ይባላል። ይኸው ትሮምቢን ጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ትሮምቦሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ማርጋቱን ትቶ ፕሮቲን ሲን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ፕሮቲን ሲ ደግሞ በፕሮቲን ኤስ እየታገዘ፣ መርጋትን የሚያፋጥኑትን ፋክተር 5 እና ፋክተር 8 ቆራርጦ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል።

ይህን ፕሮቲን ለምርምር ከሰው ደም ማጣራት ይቻላል። ሆኖም በአንድ ሊትር ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ያለው 4 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከለጋሽ ደም ጋር ቫይረስ የመምጣት ስጋትም አለ። ሌላው መንገድ የሰውን ጂን በላቦራቶሪ በሚባዙ ሴሎች ውስጥ አስገብቶ ፕሮቲኑን እነሱ እንዲያመርቱት ማድረግ ነው። እንዲህ የተገኘው ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይባላል።

የሴሉ ምርጫ ግን ወሳኝ ነው። ፕሮቲን ሲ ካልሲየም ይዞ በትክክል እንዲሠራ በቫይታሚን ኬ አማካይነት ሊስተካከል፣ ስኳርም ሊታከልበት ይገባል። ለጥናት በብዛት የሚያገለግለው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ይህን አሟልቶ አይሠራም። ስለዚህ የሰው ወይም የሌሎች አጥቢ እንስሳት ሴሎች ይመረጣሉ።

የተቀሰቀሰ ፕሮቲን ሲ ለምርመራ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ1993 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የስዊድኑ ተመራማሪ ቢዮርን ዳልባክ ደማቸው በቀላሉ የሚረጋ ሰዎች ፕላዝማ ላይ ፕሮቲኑን ሲጨምር፣ ሊዘገይ የሚገባው መርጋት እንደሚጠበቀው አልዘገየም። በ1994 በሆላንድ፣ ላይደን ከተማ የተሠራ ጥናት ምክንያቱን አገኘ፦ የፋክተር 5 አንድ አሚኖ አሲድ በመቀየሩ ፕሮቲን ሲ እንደ ልቡ ሊቆርጠው አልቻለም። ችግሩ ዛሬ ፋክተር 5 ላይደን ይባላል።

ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን መሻገር ግን ሌላ ፈተና ነው። ሪኮምቢናንቱ የተቀሰቀሰ ፕሮቲን ሲ ዚግሪስ በሚል ስም በ2001 ለከባድ ሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን ለሚያስከትለው የአካል ክፍሎች ጉዳት፣ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ፣ 1,690 ሕሙማን በተሳተፉበት፣ ሞትን ከ30.8 ወደ 24.7 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። ዳሩ ግን ደም የማፍሰስ አደጋን ይጨምራል፤ በኋላ የተደረገ ሌላ ሙከራም ጥቅሙን ሳያረጋግጥ ቀረ። አምራቹ በ2011 መድኃኒቱን ከገበያ አወጣው።

ለምርምር የሚሸጠው ብልቃጥ ላይ «ለሰው ሕክምና አይውልም» የሚል ማሳሰቢያ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑ የሰው መሆኑ ብቻውን መድኃኒት አያደርገውም፤ ንጽሕናው፣ መጠኑና ጉዳቱ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት።