በሾዋክ ዝናብ ሲበዛ፦ በድርቅ የሚታወቅ ምድር እርጥብ ዓመትን መያዝ ለምን ይቸግረዋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 1861 ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በምሥራቅ ሱዳን በአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሯል። ወንዝ ይባል እንጂ በዚያ ወቅት ከደረቀ አሸዋ፣ ከጠወለገ ቁጥቋጦና አዞና ጉማሬ ከተጨናነቁባቸው ጥቂት ኩሬዎች በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ለወራት ዝናብ አልጣለም፤ በአድማሱ ላይም ደመና አይታይም።

በወሩ 23ኛ ቀን ምሽት ቤከር አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ከሩቅ የነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ድምፁ እየቀረበ መጣ። ወዲያው የአካባቢው ሰዎች ወንዙ መድረሱን በጩኸት እያሳወቁ በአሸዋው ላይ የተኙትን መቀስቀስ ጀመሩ። ሲነጋ ቤከር የቆመው 450 ሜትር ገደማ ስፋትና ከአራት ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ድፍርስ ወንዝ ዳር ነበር። በእርሱ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ውሃው ሙሉ ሆኖ መጣ። ምክንያቱን ወዲያው ተረዳ፦ በሐበሻ ተራሮች ላይ ክረምት ገብቷል።

ቤከር ካደረበት ስፍራ ወደ ላይ፣ በዚሁ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሾዋክ የምትባል ከተማ አለች። ከገዳሪፍ ወደ ከሰላና ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል። ለኢትዮጵያውያን ስሟ እንግዳ አይደለም፤ በ1980ዎቹ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን በምሥራቅ ሱዳን የነበሩትን የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች ጉዳይ የሚመራው ከዚህችው ከተማ ነበር። በዚህ አካባቢ ስለ ድርቅ ብዙ ተነግሯል። ስለ ተቃራኒው፣ ማለትም ዝናቡ ከልክ በላይ ስለሚሆንባቸው ዓመታት ግን ብዙም አይነገርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሌላ አገር የሚመጣ ክረምት

አትባራ የብዙ ወንዞች ድምር ነው። ዋናው ግንዱ ጓንግ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ ካሉት ከፍታዎች ይነሳል። አንገረብ ከጎንደር በኩል ወርዶ ይቀላቀለዋል። ከሁሉም የሚልቀው ተከዜ ነው፤ ከላስታ ተነስቶ የሰሜን ተራሮችን እየዞረ ይወርድና ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት የሚል ስም ይይዛል። ሰቲትና አትባራ የሚገናኙት ከሾዋክ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዙ በረሃውን አቋርጦ አባይን ይቀላቀላል። በአማካይ በዓመት 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ የሚያመጣ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚፈሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ጥቂት ወራት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማንሳት ተገቢ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ክረምት» ሲል ዝናብን ማለቱ ነው፤ በሌላው ዓለም ክረምት ከሁሉ በፊት ብርድና በረዶ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በ2023 የጸደይ ወራት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ከተከታታይ የድርቅ ዓመታት በኋላ በተራሮቿ ላይ ከአማካዩ ከእጥፍ በላይ የሆነ በረዶ ተከምሮ አገኘች። በረዶው ጎርፍም አስከትሏል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለእርሻ ሲባል የደረቀው የቱላሬ ሐይቅ ተመልሶ ማሳዎችን አጥለቅልቋል። ያም ሆኖ አብዛኛው ውሃ ለወራት ተራራው ላይ ቆይቶ ቀስ በቀስ ነው የወረደው። በረዶ ማንም ያልገነባው ግድብ ነው።

የአትባራ ተፋሰስ እንዲህ ያለ ጎተራ የለውም። በራስ ደጀን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢታይም ለወራት የሚከማች አይደለም። በደጋው የዘነበው በቀናት ውስጥ ቆላ ይደርሳል። እርጥብ ዓመት በሾዋክ ማለት የዓመቱ ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ በር ላይ ቆመ ማለት ነው።

አንዳንዱ ዓመት ለምን ይበዛበታል?

የኢትዮጵያ ደጋና የምሥራቅ ሱዳን ዝናብ የሚመጣው በምድር ወገብ ዙሪያ ካለው የዝናብ ቀበቶ ጋር ነው። ቀበቶው በበጋ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ በክረምት ወደ ሰሜን ይወጣል። ገዳሪፍና ከሰላ የሚገኙት በዚህ ጉዞ ጠርዝ ላይ ነው። ቀበቶው ትንሽ ቀድሞ ከቆመ ድርቅ ይሆናል፤ ትንሽ ርቆ ከተጓዘ ደግሞ ጎርፍ። በጠርዝ ላይ የሚኖር ሕዝብ ለሁለቱም መጋለጡ ስለዚህ ነው።

ቀበቶውን ከሚገፉትና ከሚጎትቱት ነገሮች አንዱ የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ በሚባለው ክስተት፣ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይዳከማል፤ በ2015 ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያንን ለእርዳታ የዳረገው ድርቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላኒኛ ሲሆን፣ ክረምቱ ይበረታል። ታላቁ የካርቱም ጎርፍ የደረሰበት 1988 እና የአባይ ከፍታ በካርቱም ክብረ ወሰን የሰበረበት 2020 ላኒኛ የታየባቸው ዓመታት ናቸው። በዚህ ላይ የዓለም ሙቀት መጨመር አለ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ የተሸከመውን ሲያወርድም በአንድ ጊዜ ይዘረግፈዋል። በጥቅሉ ዝናቡ ይጨምራል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ዝናብ ግን ከባድ ይሆናል።

መሬቱ

ከአየሩ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን አፈሩ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ድንበሩና ከዚያም ወዲያ እስከ መተማና ሑመራ ድረስ ሜዳው ጥቁር መረሬ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሸክላ ሲሆን በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ብቻ ሳይሆን ክንድ ሙሉ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ በእነዚህ ስንጥቆች ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ሸክላው ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚወርደው ዝናብ የሚገባበት አጥቶ ላይ ይተኛል።

ይህ አፈር በረከትም ነው። አንዴ የጠጣውን እርጥበት ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ማሽላ ዝናቡ ካቆመ በኋላም በዚያ እርጥበት ያፈራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ ቀለብ ሲል በገዳሪፍ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ የጀመረው ይህን አይቶ ነው። ዛሬም ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ናት። ሁለቱ ሰብሎች ግን እርጥብ ዓመትን እኩል አይቀበሉትም። ማሽላ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ይቆማል። ሰሊጥ አይችልም፤ ሥሩ ታፍኖ ይጠወልጋል። ዝናቡ ዘግይቶ አልወጣ ካለም ሌላ ጣጣ አለ። የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ለአጨዳው የሚጠበቁት የቀን ሠራተኞች ደግሞ፣ ከእነሱም መካከል ድንበር ተሻግረው የሚመጡት ኢትዮጵያውያን፣ በጭቃው ምክንያት ማሳው ድረስ መግባት አይችሉም።

መንገዱም እንደ ማሳው ነው። አስፋልት ከሌለበት በክረምት ተሽከርካሪ አይንቀሳቀስም። በወንዙ ግራና ቀኝ ደግሞ ነዋሪዎች «ከሪብ» የሚሉት በጎርፍ የተቦረቦረና የተሸነቆረ ምድር አለ፤ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሪቡ ወደ እርሻው ትንሽ ይገፋል። የሄደው ማሳ አይመለስም።

ዝናቡን እየፈሩ መጠበቅ

የ1984 እና የ1985 ስደት ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በድርቁ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከትግራይ፣ ከኤርትራና ከወሎ በእግር ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ለድንበሩ ቅርብ በነበረው የወድ ኮውሊ መጠለያ ውሃ አለቀ። ሆኖም በ1985 የጸደይ ወራት የመጠለያዎቹ ጭንቀት ሌላ ነበር፦ ክረምቱ ከገባ መንገዱ ይዘጋል፣ እህል አይደርስም። ስደተኞች ወደ ሌሎች መጠለያዎች እንዲዛወሩ የተደረገው በውሃው እጦት ብቻ ሳይሆን ከዝናቡ ጋር በተደረገ ሽቅድምድም ጭምር ነው።

በዚያው ሰሞን ከ50 ሺህ በላይ የትግራይ ስደተኞች በተቃራኒው አቅጣጫ ጉዞ ጀመሩ። አንዳንድ የእርዳታ ሰጪዎች ጉዞው አደገኛ ነው ብለው ሰግተው ነበር። ገበሬዎቹ ግን የሚያውቁት ቀን ነበራቸው፤ ሰኔ ሳይገባ ከማሳቸው ካልደረሱ ዝናቡ ቢመጣም ለሌላ ሰው ነው የሚመጣው። ያው ዝናብ መጠለያ ውስጥ ለቀረው ሰው መዓት፣ ማሳው ላይ ለደረሰው ሕይወት ነበር። ድርቅና እርጥበት በቁጥር ብቻ የማይለኩት ስለዚህ ይመስለኛል፤ ሰውዬው ዝናቡ ሲወርድ የት ነው የቆመው የሚለው ይቀድማል።

ታሪኩ በ2020 ተደገመ። የዚያ ዓመት ክረምት በኢትዮጵያ ከባድ ነበር፤ በጣና ዙሪያ ፎገራና ደንቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። በሱዳን ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ፤ መንግሥትም ለሦስት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ውሃው ሸሽቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር፣ የትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሃምዳየት በኩል ተከዜን ተሻገሩ። ከ1980ዎቹ ስደት የሚታወቀው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በጥር 2021 ደግሞ ቱናይድባህ ተጨመረ። ሁለቱም ያሉት በዚያው ጥቁር አፈር ላይ ነው። በቀጣዩ ክረምት መባቻ ነፋስ የቀላቀለው ዝናብ ድንኳኖቹን ቀዳደደ፤ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ መጠለያ አጡ።

የ2024 እንቆቅልሽ

በ2024 የዝናቡ ቀበቶ ከወትሮው ወደ ሰሜን ርቆ ሄደ። ሰሃራ ውስጥ ሳይቀር ዘነበ። በነሐሴ 25 ከፖርት ሱዳን በላይ ያለው የአርባዓት ግድብ ተደርምሶ መንደሮችን ጠረገ። በዚያው ወር በ12ኛው ቀን የሱዳን ጤና ሚኒስቴር የኮሌራ ወረርሽኝ መከሰቱን አወጀ፤ ከቀደሙት ተጠቂዎቹ መካከል በሚያዝያ 2023 ከጀመረው ጦርነት የሸሹ በርካታ ተፈናቃዮችን ያስጠለሉት ከሰላና ገዳሪፍ ነበሩ። ጎርፍ መጸዳጃውንና የመጠጥ ውሃውን ሲያቀላቅል ኮሌራ ሩቅ አይሄድም።

ነገር ግን ዝናቡ ማሽላም አብቅሏል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው ግምት የዓመቱ የሱዳን የእህል ምርት ከቀዳሚው ዓመት በእጅጉ የላቀ ነበር። ይሁን እንጂ በነሐሴ መጀመሪያ በዳርፉር በዛምዛም መጠለያ ረሃብ መግባቱ ተረጋግጦ ነበር፤ በታኅሣሥ፣ አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት፣ በረሃብ የተያዙት አካባቢዎች አምስት ደረሱ። በገዳሪፍ የታጨደው ማሽላና በዳርፉር የተራበው ሰው መካከል የቆመው ሰማይ አልነበረም። የጦር ግንባር ነበር።

ውሃውን ማን ይይዘዋል?

ሰዎች ለዚህ ወንዝ ጎተራ ለመሥራት ሞክረዋል። የአስዋን ግድብ ካፈናቀላቸው የዋዲ ሃልፋ ኑብያውያን መካከል ብዙዎች ከሾዋክ በታች እንዲሰፍሩ ሲወሰን፣ የኻሽም አል-ጊርባ ግድብ በ1964 ተሠራላቸው። አትባራ ግን ውሃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ከሰሜንና ከላስታ፣ ከወልቃይትና ከጭልጋ የታጠበው አፈር ግድቡን ሞላው፤ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ሐይቅ ከግማሽ በላይ አቅሙን አጣ። ደለሉን ለማስወጣት ጎርፉ በሚበረታበት ጊዜ በሮቹ ይከፈታሉ። የሚፈለገው ውሃ ጭቃውን ለመግፋት ሲባል ይለቀቃል ማለት ነው።

በ2009 በኢትዮጵያ በኩል 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ፣ በ2017 ደግሞ ከሾዋክ ትንሽ ወደ ላይ የላይኛው አትባራና የሰቲት መንትያ ግድቦች ተመረቁ። ቤከር የሰማው ዓይነት ድንገተኛ ደራሽ ዛሬ በሾዋክ እንደ ድሮው አይመጣም፤ በግድቦቹ በኩል ያልፋል። ግድብ ግን የሚገራው ወንዙን ነው። በገዳሪፍ ሜዳ ላይ በቀጥታ የሚወርደውን ዝናብ የሚይዝ ግድብ የለም።

ውሃው ከሄደም በኋላ የሚቀር ነገር አለ። በጋው ሲገፋ መረሬው እንደገና ይሰነጠቃል። በእነዚያ ስንጥቆችና በግራር ጥላ ሥር ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ትጠለላለች። በሽታው ካልታከመ ይገድላል፤ በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር ያሉ የገዳሪፍ መንደሮች በሱዳን በእጅጉ ከሚጠቁት መካከል ናቸው፤ በ1970ዎቹም ሑመራ ለእርሻ የሄዱ ኢትዮጵያውያንን ጨርሷል። ዝንቧ የምትበዛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው፤ ማታ ማታ ሰዎች ከሙቀቱ ሸሽተው ደጅ በሚተኙበት፣ ገበሬው ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት በሚጀምርበት ወቅት።