ጭንቀትን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ

በመሥሪያ ቤቶቻችን የተለመደ ትዕይንት ነው። ስብሰባው ሊጠናቀቅ ሲል ሰብሳቢው «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ይላል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ ሌላው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይሞነጫጭራል። በመጨረሻ አንድ ሰው ይነሳና «የተነሱት ሃሳቦች ጥሩ ናቸው፤ ያሉትን ለማጠናከር ያህል ነው» ብሎ ይቀመጣል። ስብሰባው ይበተናል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰርቪስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ማኪያቶ ተይዞ። ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን መልቀቂያ ጽፎ ቦርሳው ውስጥ እንደያዘ፣ ማን ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ላይ እንደሚጮህ የሚነገረው እዚያ ነው።

ይህ ልማድ የአሠራር ችግር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የጤና ጉዳይም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ይገምታል። ኪሳራው ደግሞ አንድ ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እ.አ.አ በ2019 የጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ «በሥራ መዛል» የሚባለውን ሁኔታ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ሲል ገልጾታል። በራሱ በሽታ አይደለም። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም ሥራውን በምሬት ማየት፣ እንዲሁም «ምንም አልረባም» የሚል ስሜት። በእኛ አገር ብዙ ሰው «ተጨንቄያለሁ» ከማለት «ጨጓራዬን አመመኝ» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህም መድኃኒቱን ይዞ ወደዚያው ወደ አሳመመው ወንበር ይመለሳል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ለዚህ ዝምታ የተበጀ አንድ መላ ነው። በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም መሣሪያው የልጆች መጫወቻ ነው። ሌጎ የሚባሉት ባለ ጉብታ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጡቦች።

ሌጎን የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ ዴንማርካዊ አናጢ ሲሆን፣ እ.አ.አ በ1932 ቢሉንድ በተባለች አነስተኛ መንደር የእንጨት መጫወቻ በመሥራት ነበር የጀመረው። ዛሬ የምናውቀው ጡብ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ የቀረበው እ.አ.አ በ1958 ነው። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ኬልድ ኪርክ ክሪስቲያንሰን ድርጅቱን በሚመራበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የገዛ ሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ የሚያቀርቡት ሃሳብ አላረካውም። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ በሚገኝ የአስተዳደር ትምህርት ተቋም ያስተምሩ ከነበሩት ዮሃን ሮስና ባርት ቪክተር ጋር ሆኖ «የምንሸጠውን ጡብ ለምን እኛው ለማሰቢያ አንጠቀምበትም?» ወደሚል ሙከራ ገባ። ሮበርት ራስሙሰንም ሙከራውን ወደ ተጠናከረ አሠራር አሳደገው። «ሌጎ ሲሪየስ ፕሌይ» የሚል ስም ተሰጠው። እ.አ.አ በ2010 ድርጅቱ መሠረታዊ አሠራሩን ለሁሉም ክፍት በማድረጉ ዛሬ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

ከጀርባው ያለው ሃሳብ ግን ከዘዴው የሚቀድም ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያጄ ልጆች እውቀትን ከትልቅ ሰው ዝም ብለው እንደማይቀበሉ፣ ራሳቸው እየገነቡት እንደሚያድጉ አስተምሯል። ጄኔቫ ውስጥ አብሮት የሠራው ሲይሞር ፓፐርት ደግሞ ሰው በእጁ የሚዳሰስና ሌሎች የሚያዩት ነገር ሲሠራ ሃሳቡ ይበልጥ እንደሚጠራ ተከራክሯል። ከጭቃ መኪና፣ ከሽቦ ጎማ እየሠራ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

አካሄዱ ቀላል ነው። አወያዩ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ሁሉም ሰው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ መልሱን በጡብ ይሠራል። ከዚያ እያንዳንዱ የሠራው ነገር ምን እንደሚወክል ለሌሎች ይናገራል። በመጨረሻም ቡድኑ ስለ ሰማው ነገር ይወያያል። ሕጉ ሁለት ነው፤ ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ይናገራል። ዳር ቆሞ መመልከት የለም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ባህላችን ለታላቅ ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ አለቃው ወይም በዕድሜ የገፉት አንዴ ከተናገሩ በኋላ የቀረው ሰው የእነርሱን ቃል ከመድገም ውጭ ብዙም አይሄድም። በጡብ ሲሆን ማንም አፉን ሳይከፍት የሁሉም መልስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጽዳት ሠራተኛዋ የሠራችው ከዋና ሐኪሙ ንግግር በፊት ተሠርቶ አልቋል። እርሳቸው የፈለጉትን ቢሉ የእርሷ አይለወጥም። የዚህ ዘዴ ዋና ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ቀለማቱና ስለ ጨዋታው ብዙ ይወራል፣ ጉልበቱ ግን ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ሁኔታ እናስብ። በአንድ የድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጥያቄው «የሥራ ቀናችሁ ከእናንተ የሚወስደውን ነገር ሥሩ» የሚል ነው። አንዲት ነርስ ትንሽ ቤት ሠርታ ከበሩ ውስጥ አንድ ቀይ ጡብ አስቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ «ቤቱ ቤቴ ነው። ቀዩ ስልኬ ነው» አለች። አወያዩ ጡቡን እያየ «ቀዩ ለምን ከበሩ ውስጥ ሆነ?» ሲል ጠየቀ። «ተረኛ ባልሆንኩበት ቀንም ሰው ሲጎድል እኔ ነኝ የምጠራው። ስልኩ ሲጮህ ገና ሳላነሳው ልቤ ይመታል። ልጄ አሁን አሁን ስልኬን ትደብቃለች።» የክፍሉ ኃላፊ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። እርሳቸው ደጋግመው የሚደውሉላት ከሁሉም አስበልጠው ስለሚያምኗት ነበር፤ ያከበሯት መስሏቸው።

ነርሷ ይህንኑ በቃሏ «እባክዎ አይደውሉልኝ» ብላ መናገር ትችል ነበር? ምናልባት። ግን አቤቱታ ይመስላል፤ ሥራ የጠላች ያስመስላል። ስለ ቀዩ ጡብ መናገር ግን ይቻላል። ኃላፊውም መልስ ሲሰጡ የሚያዩት ጡቡን እንጂ ዓይኗን አይደለም፤ ለሁለቱም ቀለል ይላል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፊት ለፊት የማይባለውን በሰም ሸፍኖ ማለት የቆየ ጥበባችን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በቅኔ ወርቁን የሚፈልገው ሰሚው ሲሆን፣ እዚህ ግን ወርቁን የምታወጣው ራሷ ሠሪዋ ናት።

በዚህም ምክንያት የአወያዩ ትልቁ ፈተና አፉን መያዝ ነው። «ቀይ ማለት ንዴት ነው፤ አንቺ ተቆጥተሻል ማለት ነው» ያለ አወያይ ሥራውን አበላሽቷል። ትርጉሙ የሠሪው ነው። አወያዩ የሚጠይቀው ስለሚታየው ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ለምን ከፍ አለ? ይህኛው ለምን ለብቻው ቆመ? አንዱን ጡብ ብታነሺው ምን ይሆናል?» ይላል። «ለምን ስልክሽን አትዘጊውም?» አይልም። እንዲህ ያለው ምክር ጥሩ ቢመስልም ችግሩን መልሶ ሴትየዋ ላይ ይጭነዋል። የሌላውን ሰው ሥራ ያለ ፈቃዱ መንካትም አይገባም።

አንድን እንዲህ ያለ ውይይት ለመምራት ያሰበ ሰው ግማሽ ቀን ቢመድብ፣ ከ12 ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ባይዝ ይመከራል። ቀጥታ ወደ ከባዱ ጥያቄ መግባትም ስህተት ነው። በመጀመሪያ ሁሉም በሦስት ደቂቃ አንድ ግንብ ይሥራ። ቀጥሎ ማንኛውም የሠሩት ነገር «ሰኞ ጠዋትን» እንደሚወክል ይናገሩ። ሰው መሳቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ደግሞም ጡብ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል እጁ ይለምዳል። «እኔ አልችልም፤ ሃሳብ የለኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ «ዝም ብለው ሁለት ጡብ ያገጣጥሙ፤ ሃሳቡ በኋላ ይመጣል» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ስድስት ባለ ስምንት ጉብታ ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጡ መንገዶች እንደሚገጣጠሙ በሒሳብ ተሰልቷል፤ ስለዚህ ጡብ አነሰኝ ማለት ምክንያት አይሆንም።

ጡቡ ውድ ነው፤ በየመደብሩም አይገኝም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግዴታ አይደለም። ጭቃ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የክብሪት እንጨት፣ ጠጠርና ክር ሥራውን ይሠራሉ። ፕላስቲኩ የሚበልጠው ቶሎ ስለሚገጣጠምና ማንንም «እጄ አያምርም» ስለማያሰኝ ነው። ትናንሽ ቁርጥራጮችን ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ግን ከሦስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት ያርቅ፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀሩ ይችላሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጉዳዮች አሉ። ይህ ውይይት ሕክምና አይደለም፤ አወያዩም ሐኪም አይደለም። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት፣ ግጭት ወይም ጥቃት ያለፈበት ሰው እጁ ሳያስበው ያንኑ ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሰውየው በሰው ፊት እንዲዘረዝር መገፋፋት አይገባም። «የፈለጉትን ያህል ብቻ ይንገሩን» ብሎ በክብር ማለፍ፣ በኋላም ለብቻ ማነጋገር ይገባል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ከባድ የመንፈስ መውረድ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ለማንኛውም ነገር ደስታ ማጣት የሚታይበት ሰው የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ ነው። ራስን የመጉዳት ሃሳብ ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ ሰውየውንም ብቻውን ሳይተዉ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው።

ሌላው አደጋ ከአለቆች በኩል የሚመጣ ነው። በጠረጴዛው ላይ የተነገረ ነገር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ከታየ፣ ያ ቡድን ዳግመኛ እውነት አይናገርም። ለሪፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ ማንሳትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባነር ተሰቅሎ፣ ካሜራ ተደቅኖ ማን ስለ ድካሙ ያወራል? ደግሞም ሰዎችን አስቆፍሮ ዝም ማለት ከመጀመሪያው አለመጠየቅ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ሠራተኛውን ጽናት ከማስተማር ባሻገር የሥራው ሁኔታ ራሱ እንዲስተካከልና ኃላፊዎችም እንዲሠለጥኑ መክሯል። ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ምን እንለውጣለን?» መሆን አለበት። መልሱም ትንሽ ይሁን፤ የሚፈጸም ይሁን።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ቡድኑ ሰባቱን ሥራዎች ጠረጴዛው መሐል ሰብስቦ አቀራረባቸው። ከዚያም ቀዩ ጡብ የት ይሁን የሚለው ላይ ተከራከሩ። አንዱ «ከቤቱ ይውጣ» አለ። ሌላው «ወጥቶስ ማን ያነሳዋል?» ሲል ጠየቀ። በመጨረሻ የተስማሙት በየሳምንቱ ለድንገተኛ ጥሪ ተጠባባቂ የሚሆን ሰው በተራ እንዲመደብ፣ ስሙም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ነው። ከተጠባባቂው በቀር ሌላ ሰው እንዳይጠራም ተነጋገሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ኃላፊው ራሳቸው ያዙ። ነርሷ ቀዩን ጡብ ከበሩ አውጥታ እርሳቸው ከሠሩት ግንብ ሥር አስቀመጠችው።