ያረጁ የብረት መሣሪያዎችን ከተበላሸ ማኅደር ስለ ማዳን

ገላጭ ድርሰት የሚጻፈው አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ደረሰ ወይም እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ ግልጽ ለማድረግ ነው። ጸሐፊው ምክንያትን ከውጤት ጋር ማያያዝ፣ ሥራውንም በቅደም ተከተል ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ «ምን ደረሰ?»፣ «ለምን ደረሰ?» እና «ምን ይደረግ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች የት የት እንደ ተመለሱ አስተውሉ።

ምንባብ

«ማኅደር» ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር፣ ሰይፋቸውን በአፎት ያኖሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ ካሊፐር፣ የመፍቻ ስብስብ ወይም የሥዕል ኮምፓስ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ በስፖንጅ ላይ ተኝቶ ይመጣል። የሣጥኑ ተግባር መሣሪያውን ከአቧራ፣ ከእርጥበትና ከግጭት መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ማኅደሩም እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል። ሲያረጅም ጠባቂነቱን ማቆም ብቻ ሳይሆን፣ ያቀፈውን ብረት የሚበላ አሲድ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ሳይከፍቱ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ሁልጊዜ እንደ ጥንቃቄ አይቆጠርም።

ይህ ጉዳት በቆላ አገር ይፋጠናል። ለምሳሌ ሽንፋን እንውሰድ። ሽንፋ በመተማ አካባቢ፣ በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዚህ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ይወርዳል፤ አየሩም በእርጥበት ይሞላል። የቆርቆሮ ጣራ ባለው የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ያለው አየር ከውጭው የባሰ ይግላል። በእንዲህ ያለ ቤት ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የመሣሪያ ሣጥን ብትከፍቱ ስፖንጁ ተፈርፍሮ፣ ወይም እንደ ሙጫ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብረቱ ስፖንጁን በነካበት በኩል ዝገት፣ ነሐሱ ደግሞ አረንጓዴ ዝቃጭ አብቅሎ ይታያል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሰሊጥና የጥጥ እርሻ በሚካሄድበት በዚህ አገር ትራክተር በዘር ወቅት ቢሰበር ጥገናው ጊዜ አይሰጥም። ጠጋኙ የሚለካበት ማይክሮሜትር የሚሊሜትርን አንድ መቶኛ ለይቶ የሚያሳይ ነው። በመለኪያው ገጽ ላይ ዝገት የፈጠረው እብጠት ወይም ጉድጓድ ከዚህ መጠን ቢበልጥ መሣሪያው በእያንዳንዱ ልኬት ይዋሻል። በልኩ ያልተሠራ ማያያዣም ሌላውን የሞተር ክፍል ይጎዳል። አዲስ መሣሪያ ለማግኘት እስከ ጎንደር ወይም ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚገደድ ሰው፣ በእጁ ያለውን አሮጌ መሣሪያ ማዳን ትርፉ ብዙ ነው።

ሀ. የጉዳቱ ምክንያት

ሙቀትና እርጥበት ሁሉንም ነገር እኩል አይጎዱም። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ጥንታዊ ሥፍራ፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በጆን ካፕልማን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን ስለ ግኝቱ የጻፈው ጥናት በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024) ታትሟል። ከተገኙት መሣሪያዎች መካከል የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮች ይገኙባቸዋል። እነዚህ ድንጋዮች ይህን ሁሉ ዘመን ቅርጻቸውን ጠብቀው ኖረዋል። በዚያው ምድር ላይ ግን አንድ የስፖንጅ ንጣፍ የአንድን ሰው ዕድሜ እኩሌታ ያህል እንኳ ላይቆይ ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው የቁሶቹ ባሕርይ ነው። እንግዲህ በሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ቁሶች ባሕርይ አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው ስፖንጁ ነው። ይህ ስፖንጅ በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከተባለ ቁስ ነው። ፖሊዩሬቴንን ኦቶ ቤየርና የሥራ ባልደረቦቹ በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1937 ፈለሰፉት። ቁሱ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። የመጀመሪያው ዓይነት ፖሊኤስተር ያለበት ነው። ፖሊኤስተር የሚገኘው አሲድና አልኮል ሲዋሐዱ ሲሆን፣ ሲዋሐዱም ውሃ ይወጣል። የአየር እርጥበት ለብዙ ዓመታት ወደ ስፖንጁ ሲገባ ይህ ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ረጅሙ ሰንሰለት ይበጣጠስና አሲዱ እንደ ገና ይለያል። የተለየው አሲድ ደግሞ ቀሪውን ሰንሰለት ያፋጥነዋል። በዚህም ምክንያት ስፖንጁ ለዓመታት ደኅና መስሎ ከቆየ በኋላ በአጭር ጊዜ ሊፈርስ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ፖሊኤተር ያለበት ነው። ይህኛው እርጥበትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ብርሃንና ኦክስጅን ያደርቁትና ዱቄት ያደርጉታል።

ሁለተኛው በተለምዶ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ከፒቪሲ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ክሎሪን ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለ ሆነ፣ ተጣጣፊ ከረጢት ወይም ሽፋን እንዲሠራበት ሲፈለግ ማለስለሻ ቅባት ይጨመርበታል። ቅባቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሽፋኑም በእጅ ሲነካ ይጣበቃል። ፕላስቲኩ ራሱ መፍረስ ሲጀምር ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያወጣል። ይህ አሲድ ብረትን ያዝጋል፤ መዳብና ነሐስን ያረነጉዳል።

ሦስተኛው የካቻቢቴ እጀታ ነው። ብርሃን የሚያሳልፉ የቀድሞ እጀታዎች ብዙዎቹ ከሴሉሎስ በተገኘ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሲያረጁ ቢዩቲሪክ አሲድ ያወጣሉ። ስሙ የተገኘው ከቅቤ ነው፤ የበሰበሰ ቅቤ የሚሸተውም በዚሁ አሲድ ምክንያት ነው። ሣጥኑን ስትከፍቱ እንዲህ ያለ ሽታ ቢቀበላችሁ፣ በእጀታውም ላይ ነጭ ዱቄት ብታዩ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሙቀት እነዚህን ሁሉ ለውጦች ያፋጥናል። በኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ተማራችሁት፣ ብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነታቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በደጋ 20 ዓመት የሚቆይ ስፖንጅ በቆላ ቶሎ የሚፈርሰው ስለዚህ ነው። ሣጥኑ ግጥም ብሎ መዘጋቱም አይረዳም፤ የወጣው አሲድ መውጫ አጥቶ ከመሣሪያው ጋር ይታፈናልና።

ለ. የአጸዳዱ ቅደም ተከተል

1. ሥራውን ነፋስ በሚገባበት ሥፍራ ጀምሩ። አፍንጫችሁንና አፋችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ የተፈረፈረው ስፖንጅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትምና።

2. መሣሪያዎቹን ከሣጥኑ አውጡ። ማናቸውንም ወደ ተበላሸው ሣጥን አትመልሱ። ስፖንጁን አስወግዱ፤ ነገር ግን አታቃጥሉት። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ከፒቪሲም ጭስ አሲድ ይወጣል።

3. የደረቀውን ፍርፋሪ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። የተጣበቀውን በእንጨት ስንጥር ፋቁት። ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት አትጠቀሙ፤ ብረት የመለኪያውን ገጽ ይጭራልና።

4. የቀረውን ሙጫ መሰል ነገር በነጭ ጋዝ ወይም በፋርማሲ አልኮል በተነከረ ጨርቅ አርጥቡት፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ወልውሉት። ሁለቱም በእሳት የሚያያዙ ስለ ሆኑ ከምድጃ፣ ከሻማና ከሲጋራ አርቋቸው። ቤንዚን ፈጽሞ አትጠቀሙ። በቀለም የተጻፈ ቁጥር ያለበትን መሣሪያ ከሆነ የምታጸዱት፣ ፈሳሹን አስቀድማችሁ በማይታይ ጥግ ሞክሩት፤ ቀለሙን እንዳያጠፋው።

5. ነጭ ጋዝ ቅባትን ያሟሟል እንጂ አሲዱ የፈጠረውን ጨው አያሟሟም። ጨው በብረቱ ላይ ከቀረ ዝገቱ በዘይት ሥር እንኳ ይቀጥላል። ስለዚህ እንደ መፍቻና ፒንሳ ያሉትን መሣሪያዎች ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቧቸው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቋቸው፣ ወዲያውኑም በጨርቅ አድርቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጧቸው። ውስጠ ብሎን ያላቸውን እንደ ማይክሮሜትር ያሉትን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ወልውሏቸውና አድርቋቸው። የእጀታውም ነጭ ዱቄት በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል።

6. ቀላል ዝገት ዘይት በነካ ለስላሳ የብረት ሽቦ ሲታሽ ይነሳል። በመለኪያ ገጽ ላይ ግን ሽቦም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት አይነካም። በዚያ ሥፍራ ዘይት ቀብታችሁ ለአንድ ቀን ተዉትና በእንጨት ስንጥርና በጨርቅ ብቻ አንሡት። የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም፤ ጥቂት ጠቁሮ ልኩን የጠበቀ ካሊፐር አብረቅርቆ ልኩን ካጣው ይሻላል።

7. በመጨረሻ ስስ የሞተር ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቡ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ላብም ጨው አለበትና።

ሐ. አዲሱ ማደሪያ

የጸዳ መሣሪያ አዲስ ማደሪያ ያስፈልገዋል። በደንብ የደረቀና አየር የሚያስገባ የእንጨት ሣጥን፣ ታጥቦ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ በአብዛኛው በቂ ነው። ቆዳ አመቺ ቢመስልም እርጥበት ይይዛል፤ ከአለፋፉም የቀረ አሲድ ሊኖርበት ይችላል። ሰይፍና ጩቤ ለብዙ ዘመን በቆዳ አፎት ውስጥ ሲኖሩ የሚዝጉት በዚህ ምክንያት ነው። ስፖንጅ የግድ ቢያስፈልግ፣ የቅርስ ጠባቂዎች ከፖሊዩሬቴን ይልቅ ፖሊኤቲሊን የተባለውን ይመርጣሉ። ይህ ቁስ በቀላሉ አይፈርስም፤ ብረት የሚበላ አሲድም አያወጣም።

አንድ ቁስ ለማኅደርነት ይበጅ እንደ ሆነ በሙከራ ማወቅ ይቻላል። በለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው አንድሩ ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የመፈተኛ ዘዴ አስተዋወቀ። የሚፈተነው ቁስ ከብር፣ ከእርሳስና ከመዳብ ቁራጮች ጋር፣ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት በታሸገ ዕቃ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ28 ቀናት ይቀመጣል። ብረቶቹ ከተበላሹ ቁሱ ለቅርስ ማስቀመጫ አይሆንም ማለት ነው።

እናንተም ቀለል ያለውን ዓይነት በትምህርት ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ክዳን ያላቸው ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎች ፈልጉ። በሁለቱም ውስጥ የተወለወለ የመዳብ ሽቦና በውሃ የረጠበ ትንሽ ጥጥ አኑሩ፤ ሽቦው ጥጡን አይንካው። በአንደኛው ዕቃ ብቻ ከምትጠረጥሩት ስፖንጅ ቁራጭ ጨምሩ። ከዚያም ሁለቱንም ከድናችሁ ሙቀት በሚያገኛቸው አንድ ሥፍራ አስቀምጡና ከአንድ ወር በኋላ አወዳድሩ። ስፖንጅ ያለበት ዕቃ ውስጥ ያለው ሽቦ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ፣ ስፖንጁ የመሣሪያ ጎረቤት ሊሆን አይገባውም። በሌላ አገር በምድጃ የሚገኘውን ሙቀት የሽንፋ በጋ በከፊል በነጻ ይሰጣችኋል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ የሚያንስ ስለ ሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጽዳት ብቻውን መሣሪያን እንደማያድን ነው። ምክንያቱን ሳያውቅ ዝገቱን ብቻ የሚፍቅ ሰው መሣሪያውን ወደዚያው ሣጥን ይመልሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ዝገት ይፍቃል። ምክንያቱን ያወቀ ግን አስቀድሞ ማኅደሩን ይለውጣል። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት፣ ማናፈስና ዘይቱን ማደስ የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ፖሊኤስተር ያለበት ስፖንጅ ለዓመታት ደኅና መስሎ ከቆየ በኋላ በአጭር ጊዜ የሚፈርሰው ለምንድን ነው?
2. በነጭ ጋዝ ማጽዳት ብቻውን የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
3. በሙከራው ስፖንጅ የሌለበት ሁለተኛ ዕቃ ያስፈለገው ለምንድን ነው?

ለ. «ማኅደር»፣ «አፎት»፣ «ዝቃጭ» እና «ብናኝ» የሚሉትን ቃላት በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙባቸው።

ሐ. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱትን «ስለዚህ»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «ስለ ሆነ» እና በግሥ መጨረሻ የሚመጣውን «-ና» (ለምሳሌ፦ «ይጭራልና») ፈልጋችሁ፣ እያንዳንዱ የትኛውን ምክንያት ከየትኛው ውጤት ጋር እንዳያያዘ አመልክቱ።

መ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ከአያያዝ ጉድለት የሚበላሽ አንድ ዕቃ ምረጡ። የጉዳቱን ምክንያትና የእንክብካቤውን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ አራት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።